ቅኔ ዘረፋ

ትናንት ጠዋት አክስቴ በቴሌግራም አንድ ግጥም ላከችልኝ። ከሥሩ «የኔ ጌታ፣ አንተም እኮ እንዲህ ብትጽፍ ሰው ያውቅህ ነበር» ብላለች። ሦስት ቀይ ልብም ጨምራበታለች።

ግጥሙ የኔ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ክረምት ላይ ፌስቡክ ለጥፌው 23 ሰው ወዶታል። (ከ23ቱ አንዱ እኔው ነኝ።) እንዲህ ይላል፦

ዝናቡ ቢወርድም አልፈልግ ጃንጥላ፣
ካንቺ ደጃፍ ቆሜ ካየሁሽ በኋላ።

አሁን በጽጌረዳ ታጅቦ፣ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፎበት መጣ። ከስሙ ፊት «ገጣሚ» የሚል ማዕረግ አለ። መስረቁንስ ይስረቅ። ያናደደኝ ማሻሻሉ ነው። «አልፈልግ ጃንጥላ» ያልኩትን «አልፈልግም ኮፍያ» አድርጎታል። በግጥም ምጣኔ 6 በ6 ቀለም ተለክቶ የቆመ የወል ቤት ነበር። ያለ ካሳ አፈረሰው!

ገጹ ላይ ሄጄ በጨዋ ደንብ «ወንድሜ፣ ይህ ግጥም የኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ «ቅናት ነው» አለችኝ። ሌላው «አንተም ሞክር፣ ይለመዳል» ብሎ አበረታታኝ። ገጣሚው ብሎክ አደረገኝ።

«ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» ይላል ያገሬ ሰው። ይህችን ተረት እወዳታለሁ። ለዕቁብም፣ ለቀበሌ ስብሰባም፣ ለሠርግ ቤት ቁርጥም ትሆናለች። ለግጥም ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ቅኔ ቤት ውስጥ «ዘረፈ» ማለት ሙገሳ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በሐሳቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያቃናሉ። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ፍዳውን ያያል። በስሎ በቃሉ ማፍለቅ ሲጀምር ነው «ዘረፈ» የሚባለው። የትናንቱን ዛሬ መድገም እንኳ ነውር ነው፤ የሌላውንማ አታንሱት። የኛ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ቃሏን ብቻ ይዘው ወጡ።

ደግሞ ዋሽንቱ! ስለ ሽሮም ይሁን ስለ ስደት፣ ቲክቶክ ላይ የሚነበብ ግጥም ሁሉ ከኋላው ዋሽንት ያለቅስለታል። ባለፈው በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም አንድ ግጥም ደረሰኝ፤ ውስጡ «ላይክና ሼር» አለበት። እሳቸው ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው። ሼር ለማስደረግ ሙት መቀስቀስ ምን ይሉታል?

ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ ቢያንስ ገጣሚውን ዓይን ለዓይን ታየው ነበር። የራስህን ግጥም ፊትህ ቆሞ አያነብብህም። መድረክም ቢሆን ጉድ አያጣውም። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የኪነት ምሽት ግጥም ላቀርብ ተመዘገብኩ። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ «አጭር ነገር» ብሎ 40 ደቂቃ አነበበ። ተራዬ ሲደርስ ጥበቃው መብራት አጠፋ። ልጁን አልተቀየምኩትም። ስሙን፣ የሸሚዙን ቀለምና የግጥሙን ርዕስ ብቻ ነው የማስታውሰው። ፌስቡክ የመጣልኝ ቀን እልል ያልኩትም ለዚህ ነው፤ መብራት የሚያጠፋ ጥበቃ የለውማ። ለሌባውም እንደማያጠፋበት አላሰብኩም።

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ሁለተኛዋን ስንኝ አያቴ ቡና ስትወቅጥ ስታንጎራጉር ነው የሰማኋት። እሷ ግን አካውንት የላትም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ አክስቴ። «እሺ፣ እሞክራለሁ» ብዬ መለስኩላት። ማታ ያንኑ ግጥም በሌላ ሰው ስም ላከችልኝ። ኮፍያው ጃኬት ሆኗል። «ይሄኛው ደግሞ ይበልጣል» ብላለች።