የቡሬ በቆሎና የሆርሙዝ ሰርጥ

በ2017 ዓ.ም. የሰኔ ሚካኤል ማግስት አጎቴ ከቡሬ ገጠር ደወሉልኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «ይኸ የኢራን ጦርነት ስንት ቀን ይፈጃል ይላሉ?» አሉኝ። ራዲዮ ሰምተው ነው። ስለ ኒውክሌሩ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «እሱን ተወው። ነጩን ያስቀርብን ይሆን ወይ ነው የምልህ፤ በቆሎው ጉልበት ደርሷል።»

ነጩ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ነው። ጥቁሩ ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ይገባል፤ ነጩ ግን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከሥሩ ይጨመራል። ያ ጊዜ ካለፈ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬውም ይቀጭጫል፤ መስከረም ላይ የሚደርስ ዩሪያ ለማንም አይሆን። ለዚህ ነው ሰኔ ላይ በማህበሩ መጋዘን በር ወረፋው በድንጋይ ተይዞ የሚያድረው። አጎቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበራቸው፣ ጎረቤታቸው የነጠላ ቁራጭ ያሰረበት። ጠዋት መጥቶ ድንጋዩን ከቦታው ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

እኔ ግን «አይዞዎት አያ፣ የኛ በዚያ በኩል አይመጣም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ብዬ የማለፍ መብት አልነበረኝም።

ዩሪያ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚሠራው። ጋዝ የሞላበት አገር ይሠራዋል፣ የሌለው ይገዛዋል። በባህር ከሚጓዘው የዓለም ዩሪያ ሢሶው ገደማ የሚያልፈው በኢራንና በኦማን መካከል ባለው በሆርሙዝ ሰርጥ ነው። አጎቴ በደወሉበት ሳምንት እስራኤል ወደ ግብፅ የምትልከውን ጋዝ በመቀነሷ የግብፅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ የዓለም ገበያ ዋጋም ወዲያው ዘለለ። እርግጥ ሰኔ ላይ ቡሬ የሚደርስ ጆንያ ከወራት በፊት የተገዛ ነው። ቴህራን ላይ የሚወድቅ ቦምብ የጎጃምን ገበሬ የሚያገኘው በዚያው ክረምት ሳይሆን በሚቀጥለው ግዢ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዜናው ስለሚረሳ ጣታችንን የምንቀስረው በወረዳው ባለሙያ ላይ ነው።

ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2014 ጥቅምት ላይ ቻይና የማዳበሪያ ኤክስፖርቷን አጠበቀች። የካቲት ላይ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ ጋዝ ሲወደድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ። በ2016 ኅዳር የየመን ሁቲዎች በባብ ኤል መንደብ አካባቢ መርከብ መምታት ጀመሩ፤ ያ ደግሞ የጅቡቲ ደጃፍ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጆንያው ያው 50 ኪሎ ነው፣ ጤፉም ያው ጤፍ ነው።

ሽማግሌዎች በቆሎን የባህር ማሽላ ይሉታል፣ ከባህር ማዶ የመጣ እህል ነውና። አሁን ቀለቡም ከባህር ማዶ ሆነ።

ሰሞኑን ከተሜው የሚከራከረው ስለ ባህር በር ነው። ክርክሩን አልንቅም፤ ወደብ ያለው አገር ወደብ ከሌለው ይሻላል። ግን የራሳችን ባንዲራ የተሰቀለበት ወደብ መርከቡ ላይ የተጫነውን ዩሪያ ዋጋ አይቀንሰውም። ዋጋው የሚወሰነው ጋዝ ባላቸው አገሮችና በትልልቅ ገዢዎች መካከል ነው። ደግሞ ከእነሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል! እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ኢትዮጵያ ብሪክስ የሚባለው የታዳጊ ኢኮኖሚዎች ስብስብ አባል ናት። ሩሲያ፣ ቻይና፣ ኢራን፣ ግብፅ፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሁሉም ዩሪያ ሠሪዎች ናቸው። ጨረታዋ የዓለምን ዋጋ የሚያነቃንቀው ህንድም እዚያው ናት። ከአባይ ውጭ ከግብፅ ጋር የምንነጋገርበት ነገር ጠፍቶ ነው?

ህንድን በደንብ ማየት ይገባናል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሁለት የህንድ ገበሬዎች ህብረት ሥራ ድርጅቶች ኦማን ሄደው በሱር ከተማ በተሠራው የዩሪያ ፋብሪካ ላይ 25፣ 25 በመቶ ድርሻ ያዙ፤ ግማሹ የኦማን ሆነ። በዓመት 1.65 ሚሊዮን ቶን የሚያመርተው ፋብሪካ ዩሪያውን ለ15 ዓመት ለህንድ ሊያቀርብ ተዋዋለ። ሱር ደግሞ ከሆርሙዝ ሰርጥ ውጭ ነው። ልብ በሉ፣ ባለድርሻዎቹ እንደ እኛዎቹ ዩኒየኖች የገበሬ ማህበራት ናቸው።

እኛ ዘንድስ? ነሐሴ 22 ቀን 2017 መንግሥት ከናይጄሪያው ባለሀብት ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ምርቱ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን፣ ጋዙ ከኦጋዴን ነው። 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40 በመቶው የመንግሥቱ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው። ተጀምሮ የቀረውን የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ቀድሞ አያጨበጭብም፤ እኔም አላጨበጭብም። ግን ይሠራል እንበል። ፋብሪካ ያለው ነጋዴ ዓለም ላይ የሚከፈለውን ዋጋ መጠየቁ አይቀርም፤ ኦጋዴን የወጣ ዩሪያም ለብራዚል ሊሸጥ ይችላል። ከዚያ 40 በመቶ ውስጥ ጥቂቱ ለገበሬ ዩኒየኖች ይሰጥ፣ ቢያንስ የዋጋ ቀመሩና ሰኔ ላይ ለአገሩ ገበሬ የሚሰጠው ቅድሚያ አሁኑኑ በውል ይታሰር የምለው ለዚህ ነው። ዩኒየኖቹ ገንዘብ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ሒሳባቸውም አይጠራም ይባላል። እውነት ነው። ገበሬው ድርሻ ቢኖረው ግን ሒሳቡ እንዲጠራ የሚጮህ ባለቤት ይገኝ ነበር።

የአፍሪካ መሪዎችማ እ.ኤ.አ. በ2006 አቡጃ ላይ ለአንድ ሄክታር የሚውለውን የማዳበሪያ ንጥረ ነገር በ2015 ወደ 50 ኪሎ እናደርሳለን ብለው ነበር። በ2024 ናይሮቢ ላይ ደግሞ የማዳበሪያ ምርትና ሥርጭታችንን በአሥር ዓመት ሦስት እጥፍ እናደርሳለን አሉ። ቁጥር አላጠረንም።

የጎዴውን ወሬ ለአጎቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ጎዴ ከኦማን እንደሚቀርብ፣ መርከብም ሆርሙዝም እንደማያስፈልገው፣ በመኪና ብቻ እንደሚመጣ አስረዳኋቸው።

«በመኪና» አሉ። «ደጀን ድረስስ ይሁን። ከደጀን ወዲህ ማን ያሳልፈዋል?»