ሌላ ፓትሪክ ነው

ጎረቤቴ የሰባ ስድስት ዓመት አሜሪካዊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ጠይቀውኝ «የአክብሮት ነው፣ እንደ ታላቅ ወንድም» ብላቸው በጣም ደስ ስላላቸው፣ አሁን ለፖስተኛው ሳይቀር ራሳቸውን «ጋሺ» እያሉ ያስተዋውቃሉ። ራሱን ጋሼ ብሎ የሚጠራ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እኚህ ጋሼ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አዲስ አመል አወጡ። ከአየርላንድ የመጣውን የአያታቸውን አያት ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ እጄ ቀልጠፍ ይላልና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ረዳት መርማሪ ሆንኩ። ደሞዙ ሻይና ብስኩት ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ፤ ያለው ውዥንብር ይበቃናል።)

ሰውየው ፓትሪክ ይባላል። በቤተሰቡ ወግ ፓትሪክ ማለት የባለርስቱን ወኪል በዱላ ፈንክቶ፣ በዚያው ሌሊት መርከብ ላይ ዘሎ ያመለጠ ጀግና ነው። ዘመኑ የታላቁ ረሃብ ዘመን ነው። ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ ማሳውን እያበሰበሰው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ። ከዚያ ሁሉ ስደተኛ ስንቱ ወኪል ፈንክቶ መጣ ብላችሁ የልጅ ልጆቹን ብትጠይቁ፣ ሁሉም። ጭንቅላቱ ደህና የሆነ ወኪል አየርላንድ ውስጥ አልቀረም።

እኔ መሳቅ አልችልም። የእኛ ሰው ዘሩን ሲቆጥር ከመሃል አንድ ደጃዝማች አያጣም። ሰባት ቤት ቆጥሮ አንድ ተራ ገበሬ ያጣ ሰው አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጤፍ ማን እንዳረሰው እግዜር ይወቀው። ደጃዝማች እኔም አለኝ፣ በእናቴ በኩል።

ፍለጋውን ከፓትሪክ አገር ቤት እንጀምር አልን። የለም። ጁን 30 ቀን 1922፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ደብሊን ፎር ኮርትስ ግቢ ውስጥ የነበረው መዝገብ ቤት ጋየ፣ የስንት መቶ ዓመት ወረቀት አመድ ሆኖ ከተማው ላይ በነነ። የ1861 እና የ1871 የሕዝብ ቆጠራማ እሳት እንኳን አላስፈለገውም፣ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዶታል። የ1881 እና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ሲጠፋ ተፈጭቶ እንደገና ወረቀት ሆነ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ብስኩታቸውን እንደያዙ ቀሩ። «የፓትሪክ ወንድሞች ካርቶን ሆነው ቀሩ በለኛ።»

የተረፈው የደብር የጥምቀት መዝገብ ነው። እሱም በላቲን። ጄምስ የነበረው ጃኮቡስ፣ ዊሊያም የነበረው ጉሊየልሙስ ይሆናል። ጋሼ ተምታታባቸው፤ እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። ቤት ማሙሽ፣ ትምህርት ቤት ደረጀ፣ ቤተ ክርስቲያን ወልደ ሚካኤል እየተባለ ያደገ ሰው በዚህ አይደናገጥም።

አሜሪካ ከገባ በኋላ ደግሞ ችግሩ ዕድሜው ሆነ። በመርከቡ መዝገብ፣ በ1851፣ ፓትሪክ 22 ዓመቱ ነው። በ1860 ቆጠራ 28። በ1870 ደግሞ 35። ኒው ዮርክ ተስማምቶታል። ከዚያ በ1880 ብድግ ብሎ 55 ሆነ። ጋሼ ተናደዱ። እኔ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ቆጣሪ በር ያንኳኳል፣ የከፈተለት ሰው፣ ሚስትም ትሁን ልጅ ወይ ጎረቤት፣ የመሰለውን ይናገራል፣ ይጻፋል፣ አለቀ።

አየርላንድ የቀሩት ደግሞ በ1909 የሽማግሌ ጡረታ ሲጀመር ጉድ ሠሩ። ሰባ ለሞላው ይከፈላል ተባለ። የሁሉም ሰው ልደት መመዝገብ የተጀመረው በ1864 ነውና ወረቀት ያለው ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ስለዚህ «የትልቁን ነፋስ ሌሊት ታስታውሳለህ?» ይባላል። ጃንዋሪ 6 ቀን 1839 የስንቱን ጣሪያ ገንጥሎ የሄደ ማዕበል ነው። አስታውሳለሁ ያለ፣ ሰባ ሞልቶታል። አየርላንድ በሙሉ አስታወሰ። ከ1901 እስከ 1911 ቆጠራ ድረስ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጀ ሰው ሞልቷል። «ጣሊያን ሲገባ ከብት እጠብቅ ነበር» በሚሉ አያት ያደገ ሰው ይህን እንደ ቀልድ አያየውም፣ እንደ አሠራር ነው የሚያየው። እኔ ራሴ በወረቀት የተወለድኩት ጃንዋሪ 1 ነው። እናቴ ግን «ሐምሌ ነው፣ ጎርፉ አጥሩን የወሰደው ቀን» ትላለች።

ስለ ወረቀት ካነሳን፣ አንድ ቅዳሜ በዲቪ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። «ታዲያ ያመጣሁህ እኔ ነኛ!» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በ1980ዎቹ ብዙ የአየርላንድ ወጣት በቱሪስት ቪዛ እየገባ፣ ያለ ወረቀት በግንባታና በቡና ቤት ይሠራ ነበር። ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ ዘመድ አላቸው። የማሳቹሴትሱ ብራያን ዶኔሊ በ1986 እስከዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቪዛ አስገኘ። በ1990 በወጣው ሕግ ደግሞ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ ሲመደብ፣ 40 በመቶው የአየርላንድ ሆነ። ለአንድ አገር ብቻ መስጠት ስለሚያሳፍር «ልዩ ልዩ አገሮች» የሚል ካባ ተደረበበት፣ በ1995 ካባው ለእኛም ደረሰን። ጋሼ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሩን እንዳጭድላቸው ሲፈልጉ ይህን ውለታ ያነሳሉ።

የፓትሪክን የዜግነት ወረቀት ባገኘን ዕለት ደግሞ ሰርግ ሆነ። ለንግሥት ቪክቶሪያ ያለውን ታማኝነት ሁሉ ክዶ ምሏል። ጋሼ በትልቁ አሳትመው ሳሎን ሰቀሉት። የሚያይ ሰው ፓትሪክ ለንደን ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት የነገራት ነው የሚመስለው። ቃሉ ግን ቅጹ ላይ ያለ ነው፣ ከአየርላንድ የመጣ ሁሉ ይምለዋል። ከታች የፓትሪክ ፊርማ አለ። የመስቀል ምልክት።

ቀጥሎ ባንክ ገባን። ኤሚግራንት ሴቪንግስ ባንክ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1850 የተከፈተ ነው። ደንበኛው ብዙው ፊርማው መስቀል ስለሆነ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ገንዘቡን ላፍ እንዳያደርግ ባንኩ ጠይቆ ይመዘግባል፦ ከየትኛው ካውንቲ፣ ከየትኛው ደብር፣ በምን መርከብ፣ ወላጆች እነማን፣ ወንድሞች የት። ዛሬ ባንኮች «የመጀመሪያ ውሻህ ስም ማነው?» ይሉን የለ፣ እሱ ነው። ፓትሪክ እዚያ አለ። የኮርክ ካውንቲ ሰው፣ የቀን ሠራተኛ፣ ያላገባ። ስለ ወኪሉ ጭንቅላት የተጻፈ ነገር የለም።

እዚያ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ቦስተን የሚታተመው ዘ ፓይለት ጋዜጣ ከ1831 ጀምሮ ለዘጠና ዓመት ያህል የአየርላንዳውያንን አፋልጉኝ ያወጣ ነበር። ልክ እንደኛው አፋልጉኝ፦ እህት ወንድሟን፣ እናት ልጇን፣ በዚህ ዓመት ወጥቶ፣ መጨረሻ እዚህ ታይቶ። የፓትሪክን ስም ጽፌ ፈለግሁ። አንድ መጣ። ያ ደብር፣ ያ መርከብ፣ 1851። የምታፈላልገው ሚስቱ ብሪጅት ናት። ልጁ መራመድ መጀመሯንም እንዲያውቅ ትፈልጋለች።

የጋሼ የአያታቸው አያት ሚስት ካትሪን ትባላለች። ያገባት ኒው ዮርክ ነው። ስድስት ልጅ ወልደዋል።

ዝም አልኩ። ዲቪ ደርሶት ሄዶ በሦስተኛው ወር ስልክ ቁጥሩን የቀየረ ባል የሌለበት ሰፈር እኮ የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

«ሌላ ፓትሪክ ነው» አሉ።

ሦስት ወር ሙሉ ያገኘነው ፓትሪክ ሁሉ የሳቸው ነበር። ዕድሜው ባይገጥምም የሳቸው፣ ሠፈሩ ባይገጥምም የሳቸው። ዛሬ ደብሩም መርከቡም ዓመቱም ገጥሞ ሌላ ሰው ሆነ። መከራከሪያም አላቸው። ኒው ዮርክ ወደብ የነበረው የስደተኛ መቀበያ፣ ኤሊስ ደሴት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው ከኮርክ የመጣች አኒ ሙር የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ናት። ለአሥርት ዓመታት «ቴክሳስ ሄዳ የኖረችው ናት» እየተባለ የዚያች ሴት ዘሮች ሲከበሩ ኖሩ። በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ አኒ ኢሊኖይ የተወለደች፣ ስደተኛም ያልነበረች ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ኒው ዮርክ ኖራ በ1924 ሞታለች፤ መቃብሯ ላይ ድንጋይ የቆመላት በ2008 ነው። «አየህ፣ አገር ሙሉ ይሳሳታል» አሉኝ።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አልኩ። ምን ልበል፣ ደጃዝማቼን ይዤ?

በሳምንቱ ስሄድ ሻይ አልተፈላም። ጋሼ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተዋል። አዲስ ፎልደር ከፍተዋል፣ ስሙ «ሌላው ፓትሪክ»። ከዋናው ፎልደር ይልቅ ሞልቷል።

«ያቺ ሕፃን» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «የ1901 ቆጠራ ላይ ትኖር ይሆን? ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመት ይሆናታል።»

«አየርላንድ ውስጥ? ከአርባ እስከ ሰባ ይፈልጉ። ግን ሌላ ፓትሪክ ከሆነ እርስዎን ምን አገባዎት?»

«እንዲያው ነው» አሉ። «ወንበር ሳብ።»

ሳብኩ።