ማስተካከያ፦ የአሮጌ ሞተር ቴርሞስታትና ኩላንት
ስለ አሮጌ መኪኖች ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ሞተሩ የሚያፈላ ከሆነ የ82 ዲግሪውን ቴርሞስታት በ71 ቀይሩ፤ ኩላንቱንም ውሃ ሳትቀላቅሉ ሙሉ» የሚል ሰፍሯል። ሁለቱም ይታረሙ።

ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ በሙቀት የሚከፈት ቫልቭ) ላይ የተጻፈው ቁጥር መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ነው። ከተከፈተ በኋላ የ71ዱም የ82ቱም ሥራ አንድ ነው። ራዲያተሩ ከተደፈነ ወይም ፓምፑ ከደከመ በ71ዱ ሞተሩ ትንሽ ዘግይቶ ያፈላል እንጂ አይድንም። ይባስ ብሎ በደህናው ቀን ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ነዳጅ ይባክናል፣ ዘይቱ ውስጥም እርጥበት ይከማቻል። ፋብሪካው ያዘዘውን ቁጥር ግጠሙ። አዲስም ቢሆን አስቀድማችሁ ቴርሞሜትር ባለበት የድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ፣ ውሃውን እያሞቃችሁ በተጻፈበት ቁጥር መከፈት መጀመሩን ሞክሩ፤ የድስቱን ታች ከነካ ቀድሞ ተከፍቶ ያሳስታል። ሲገጠም ዋናው ሞላ ወደ ሞተሩ፣ የአየር ማስወጫዋ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ያልተቀላቀለ ኤትሊን ግላይኮል (የኩላንቱ ዋና ንጥረ ነገር) ከውሃ ያነሰ ሙቀት ይሸከማል፤ የሚረጋውም በ-13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዲስቲልድ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን ሳይረጋ እስከ -37 ይደርሳል። በእርሳስ የተበየደ የመዳብ ራዲያተር ላለው መኪና ሲሊኬት (ብረቱን ከመበላት የሚጠብቅ ተጨማሪ ንጥረ ነገር) ያለበት የድሮው ዓይነት ኩላንት ይሻላል፤ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። በቀለሙ ብቻ አትግዙ፣ አምራቾች አረንጓዴውን ለተለያየ ዓይነት ይጠቀሙበታል።