«ዕቁብ አለብኝ»

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ሊበደር የመጣ ሰው ነገሩን በጤናዎ ይጀምራል። «ደህና ኖት? ልጆቹስ? እናትዎ ተሻላቸው?» ጥያቄው ልጆቹ ላይ ካበቃ ሺህ ብር ነው። ነፍሱን ይማረውና የሞተ አጎት ከተነሣ ግን አምስት ሺህ መሆኑን ይወቁት።

እምቢ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። «የለኝም» ቢሉ ትናንት ሥጋ ቤት በር ላይ ያየዎት አይጠፋም። «አልሰጥም» ካሉ ለቅሶ ላይ አይመጣልዎትም። «ባንክ አስገብቼዋለሁ» ያሉ እንደሆነማ፣ «ታዲያ እዚሁ ስልክዎ ላይ አይደል?» ይልና ስልኩን አንሥቶ ያቀብልዎታል። የሚከበርልን መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ዕቁብ አለብኝ።» ያን ጊዜ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ «አይ፣ ዕቁብማ ከሆነ...» ይልና ወደሚቀጥለው ዘመድ ይሄዳል።

ስለ ዕቁብ ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች ነገሩን «የቁጠባ ባህል» ይሉታል። እኔ ግን ዕቁብ ብርን ከዘመድ፣ ከባልና ከራስ መደበቂያ ነው ባይ ነኝ። በኛ ሰፈር 20 ዕጣ አለ፤ በሳምንት 500 ብር ይጣላል፣ እሑድ እሑድ 10,000 ብር ለአንዱ ይወጣል። ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት የሚያስረክቡት እናት፣ ባለ ጀበናዋ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። 500 የከበዳቸው ሁለት ሆነው አንድ ዕጣ ለግማሽ ይገባሉ። ጉሊት ቸርቻሪዋ ሲደርሳት ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ወርዳ ሽንኩርቱን በጆንያ ታመጣለች፤ ያን ሰሞን በዱቤ ከሚያስረክባት ነጋዴ ጋር ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ይላል። ባንክ ብትሄድ የቤት ካርታ ይላታል። ያላት የቀበሌ ቤት የኪራይ ደብተር ነው። የዕቁብ ዳኛው የሚጠይቋት ዋስ ነው፤ ያውም ገና ዕጣ ያልወጣለት ሰው። እሷ ብትጠፋ የሚያዘው የዋሷ ዕጣ ነዋ! ስለዚህ ዋሷ ከባሏ የበለጠ የት እንደምትውል ያውቃል።

ዕጣው የሚወጣው ከፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይገባና የሰፈር ሕፃን እጁን ይሰዳል። ሐምሌ 2014 የኮንዶሚኒየም ዕጣ በኮምፒዩተር ወጥቶ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ገብተውበታል ተብሎ ተሰርዟል። የኛ ሲስተም የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ እስካሁን የተገኘበት ጥፋት ቅዳሜ ማታ ከሁላችንም ከረሜላ መቀበል ብቻ ነው።

መስከረም ሲቃረብ ግን ጆጉም ሥራ ይፈታል። የልጅ መመዝገቢያ የሌለበት ሰው ስለማይኖር ሁሉም «ዕጣው ይሰጠኝ» ባይ ነው። ዳኛው ችግር ሲያወዳድሩ ይውላሉ። አንዱ የቤት ኪራይ ሲያነሣ ሌላው የእናቱን ዓይን ቀዶ ሕክምና ያመጣል። እኒያ እናት ዓምናም ይኸው ዓይናቸው ሲቀደድ ነበር፤ ሆኖም ማንም አያስታውስም፤ ነገ ለራሱም አንድ በሽተኛ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ባለ ዕጣ ነው። ቀድሞ የወሰደው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ አበዳሪው ደግሞ ይኸው ሰውዬ ነው፣ ማንም ግን አመሰግናለሁ አይለውም። አንዱን ዙር የጀመርነው ሰኔ 2016 ላይ ነበር። የታክሲ ረዳቱ በ10,000 ብር የሚሸጥ ስልክ አይቶ፣ ልቡ እዚያው ስልክ ላይ ቀርቶ ዕቁቡን ሲጥል ከረመ። ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ይተመን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ረዳቱ 20ኛው ዕጣ ደርሶት ሱቁ ሲገባ ስልኩ 17,000 ብር ሆኖ ጠበቀው። ተናደደ፣ ዕቁብ ሁለተኛ አይለምደኝም አለ።

በሚቀጥለው እሑድ አዲሱ ዙር ተጀመረ። ረዳቱ ሁለት ዕጣ ገባ። ዳኛው እንደ ደንቡ የመጀመሪያውን 10,000 ያለ ዕጣ ወሰዱ፤ ደንቡ የተጻፈበት ደብተር ያለው እሳቸው ጋ ነው።