ተመችቶታል

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ፀጉር አስቆርጬ ስመለስ መገናኛ ላይ ባለሚዛን አገኘን። ታውቁታላችሁ፤ አንዲት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን፣ ከሥሯ ካርቶን፣ ከኋላዋ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ልጅ። «ሚዛን! ሚዛን!» ይላል፣ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ጫማ እያየ።

«ጋሽዬ፣ ልመዘን?» አለኝ የእህቴ ልጅ። በአንድ እጁ ቺፕስ፣ በሌላው ግማሽ ሊትር ለስላሳ ይዟል። ሁለቱንም የገዛሁለት እኔ ነኝ። ከወዲሁ የምናገረው ኋላ እንዳትይዙብኝ ነው።

ወጣ። መርፌዋ እየተንቀጠቀጠች ሄዳ ሄዳ ሃምሳ አንድ ላይ ቆመች። ልጁ ገና አሥር ዓመቱ ነው።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አልኩት ባለሚዛኑን።

«ኧረ ልክ ነው ጋሼ! ጠዋት ጠዋት ራሴ ወጥቼ አየዋለሁ። ሃያ ስድስት ነው የሚለኝ። ሁልጊዜ ሃያ ስድስት።»

ዕድሜውን ጠየቅሁት። አሥራ አንድ ነው።

ይህን ሒሳብ አላምጬ ሳልውጥ፣ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ የእህቴን ልጅ ጉንጭ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ «ውይ ሲያምር! እንዴት ነው የተመቸው እባካችሁ!» አለች። ባለሚዛኑን ምንም አላለችውም። ልጁ ደግሞ ሙገሳውን ሲሰማ ቺፕሱን ሌላ እፍኝ ጨመረበት።

እኔን ያነደደችኝ ይህች «ተመቸው» ናት። ቋንቋችን ለወፍራም ሰው እንዴት ያለ ቸር ነው! «ተመችቶት»፣ «ሞላ ብሎ»፣ «አምሮበት»፣ «ሰውነት ገዝቶ»። ሰውነት ገዝቶ! እንደ ቦታ፣ እንደ ቪትዝ መኪና። ለቀጭን ሰው ግን ያለን ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ምን ነካህ?»፣ «ምነው ጠቆርክ?»፣ «አሞህ ነበር እንዴ?» እኔ ስፈጠር ጀምሮ ቀጭን ነኝ። ስፈጠር ጀምሮም «አሞህ ነበር እንዴ» እባላለሁ። በሠርጌ ቀን አክስቴ ሰልፉን ሰንጥቃ መጥታ ሙሽራዪቱን ሳመቻትና፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ «እንግዲህ ልጄ፣ አደራሽን፤ የሚበላው የት እንደሚገባ አይታወቅም» አለቻት። ቪዲዮው ላይ አለ። አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይከፈታል፣ እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይጨመራል።

እርግጥ በአያቴ አልፈርድም። የስልሳ ስድስቱንም የሰባ ሰባቱንም ድርቅ ያየች ሰው የሕፃን ጉንጭ ሞልቶ ስታይ እልል ብትል ይገባታል። ለእሷ ወፍራም ልጅ ማለት የተረፈ ልጅ ነው። አክስቴ ግን በሰባ ሰባት አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉሯን ካውያ ትተኮስ ነበር። ፎቶው አለ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ይህን ሰውነት የት ገዛው? ግማሹን እንኳ አልገዛውም፤ እንግዳ ነው ያመጣለት። ድሮ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ሲባል ዳቦ ነበር፣ ሙዝና ብርቱካን ነበር፣ ላለው ሰው ስኳርና ቡና ነበር። አሁን የካርቶን ጁስ ሆኗል። አራስ ጥየቃ ጁስ፣ በሽተኛ ጥየቃ ጁስ፣ ለአዲስ ቤት ጁስ። እኔ ይህ ጁስ የሚጠጣ ነገር መሆኑን መጠራጠር የጀመርኩት ልጃችን በተወለደች ጊዜ ነው። ከመጡልን እሽጎች አንደኛው ጥጉ ተቀዶ ስለነበር በፕላስተር ለጠፍኩትና ለባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አራስ ጥየቃ ይዘነው ሄድን። በአምስተኛው ወር እናቴ ወገቧን አሟት ቤታችን ተኝታ ሳለ፣ ከማናውቃቸው የሰፈር ማኅበርተኞች ጋር ያው እሽግ ተመልሶ ከች አለ። ፕላስተሩ የኔ ነው። ጥፍሬ የላጠው ምልክት ሳይቀር አለ። አዲስ አበባን ስንት ጊዜ እንደዞረ እንጃ፤ መጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ታዲያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምን ቢወስን ጥሩ ነው? «ሳይበላሽ ለልጆቹ ይሰጥ!»

በዚያው እልህ ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩት። ፊት ለፊቱ ላይ የተቆረጠ ማንጎ ጤዛ ያንጠባጥባል። ጀርባው ላይ በጉንዳን እግር በምታክል ፊደል መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ ማንጎው፣ ከዚያ «ኢ 330» (የሎሚ አሲድ ነው፣ አትደንግጡ)። የሚጻፉት እኮ በብዛታቸው ተራ ነው። ማንጎው ሦስተኛ ወጥቶ ነው ፎቶውን የተነሳው።

ለስላሳውማ ሐቀኛ ነው፤ ፍሬ ነኝ አይልም። በመቶ ሚሊ ሊትር አሥር ግራም ከምናምን ስኳር አለው፣ ስለዚህ የእህቴ ልጅ እጅ ላይ ያለችው ግማሽ ሊትር ከሃምሳ ግራም ታልፋለች፤ በሻይ ማንኪያ ከአሥራ ሁለት በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ቢቻል በቀን 25 ግራም ገደማ አትለፉ ያለው ለትልቅ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ማንኪያ ስኳር ሻይ ላይ ሲጨምር ብናየው ልጁን ጸበል እንወስደዋለን። የሚገርመው ደግሞ ስንቴ ነው የሸማቾች ሱቅ በር ላይ ለሁለት ኪሎ ስኳር ደብተር ይዘን የተሰለፍነው? ሻያችን ስኳር ያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ለስላሳው ስኳር ያጣበት ጊዜ ግን ትዝ ይላችኋል? ለእኔ ትዝ አይለኝም።

አባቴ የሚወዳት አንዲት ተረት ነበረች፦ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።» ለሁሉም ነገር ነበር የሚያውላት። ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም «ልጅ ያቦካው»፣ ለእንግዳ ቡና ስቆላ «ልጅ ያቦካው»፣ ተመርቄ ሥራ ስይዝና የመጀመሪያ ደሞዜን ስሰጠው እንኳ ቆጥሮ ሲያበቃ «መቼም ልጅ ያቦካው…» ብሎ ኪሱ ከተተው። ተረቷን ጠልቻት ነበር ያደግኩት፤ አሁን ግን ትናፍቀኛለች። ምክንያቱም ዛሬ እራቱን የሚያዝዘው ልጁ ነው። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ካርቱን ያለበት ነገር ሁሉ የሚደረደረው በልጅ ዓይን ትይዩ ነው፣ ምስሩና ሽሮው ደግሞ ወይ ጣሪያ ወይ ወለል ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ኢንዶሚውን የሚያውቀው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በቀለሙ ነው። ልጅ የመረጠው ለእራትም ለቁርስም በቅቷል፤ አባቴ ይህን ሳያይ በማረፉ ደስ ይለኛል። (ቺሊዎች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳርና ጨው የበዛበት እሽግ ላይ ባለስምንት ማዕዘን ጥቁር ምልክት ለጥፈው፣ ካርቱኑን አንስተውታል። ያንን ጥቁር ምልክት ባገኝ መጀመሪያ የምለጥፈው አክስቴ ላይ ነበር።)

አሜሪካ ደግሞ ኬቪን ሆል የሚባል ተመራማሪ ሃያ ሰዎች ሰብስቦ አንድ ነገር ሞከረ። ሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ብዙ ያልተነካካ የቤት ዓይነት ምግብ አቀረበላቸው። በሁለቱም ገበታ ስኳሩም ቅባቱም ጨዉም እኩል ነበር። «እስክትጠግቡ ብሉ» አላቸው። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው። አያቴ ግን ቆሎ ስትሰጠን «መንጋጋችሁ ሲደክም ትተዉታላችሁ» ትል ነበር። ቆሎ ከሆድ በፊት መንጋጋ ነው የሚያጠግበው። ቺፕስ ደግሞ አፍ ውስጥ ይሟሟል፤ መንጋጋ ሥራ መጀመሩን ሳያውቅ እሽጉ ያልቃል፣ ከዚያ ጣት ይላሳል።

ታዲያ ቆሎ ቋጥራችሁ ትምህርት ቤት ላኩት እስቲ! ልኬዋለሁ። አንድ ሳምንት እህቴ መስክ በወጣች ጊዜ ምሳ ዕቃውን እኔ ነበርኩ የምሞላው፤ ለምሳ ፍርፍር፣ ለመክሰስ ቆሎና ሙዝ። ሰኞ ፍርፍሩ እንደታሰረ ተመለሰ። ማክሰኞም። ረቡዕ ጠይቄ ጠይቄ ሲናገር፣ ክፍል ውስጥ ስሙ «ፍርፍር» ተብሏል። ሐሙስ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት መጣ፦ ቆሎ ክፍል ስለሚያቆሽሽ «ስናክ» የታሸገ ቢሆን ይመረጣል፣ ለንጽሕና። ለንጽሕና! የማይበሰብስ ፌስታል ግቢውን ሞልቶት ሳለ የወደቀች አንዲት የገብስ ፍሬ አቆሸሸች። አያቶቻችንን ያሳደገ ገብስ የወላጅ ማስጠንቀቂያ ሲጻፍበት በዓይኔ አየሁ። ልመልስላቸው ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። አልላክሁትም፤ ክፍያ ሁለት ወር ነበረብን።

እህቴ ስትመለስ ያንኑ ሁለት ገጽ በቃሌ አነበነብኩላት፤ ኬቪን ሆልንም ጨመርኩላት። ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የሰማችኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የምትገባ ሰው ናት፤ ስትገባ ደግሞ አንዳንዴ መብራት የለም።

«አንተ ጥናት ታነባለህ» አለችኝ፣ «እኔ ታክሲ እጠብቃለሁ። ና አንተ ሽሮውን ሥራለት።»

በዚያ ማታ ኢንዶሚውን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ ፈጀ። ቅመሟን ሙሉዋን ጨመርኩባት፤ ጣፋጭ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ይሁን፣ ይብላ፤ ግን ሮጦ ያውጣው! እዚህ ላይ ነው የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ስም የሚነሳው። እኛ ስናድግ ሜዳ ነበር፤ ሰኞ ማክሰኞ በከሰል አስምረን፣ «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» እየተባባልን እስኪመሽ ነበር የምንሮጠው፤ የበላነው ዳቦ ቆሎ ደረጃ ሳንወጣ ያልቅ ነበር። አሁን በስድስት ብሎክ መሃል ያለችው ባዶ ቦታ መኪና ማቆሚያ ናት። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለው። ሦስት ኳስ ወስደውብናል። ሦስተኛው የቆዳ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ መኪና በዚያች ቦታ ላይ ጎማዋ ተንፍሶ ከቆመች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኳስ እንዳይነካት ግን ዘበኛ ተቀጥሮላታል፣ ደሞዙንም እኔ እከፍላለሁ! አቤቱታ አስገብቻለሁ። «ለልጆቹ ቴሌቪዥን አይከፈትላቸውም ወይ?» ተባልኩ። ይከፈታል። ቴሌቪዥኑ የሚያስተዋውቀው ምን መሰላችሁ?

ስለ ምን ነበር የጀመርኩት? ሚዛኑ ጋ ነበርን።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ መቶ ልጆች ሠላሳ ስምንቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነው፤ ከልክ በላይ የወፈረው አንድ ነው ብሎ ነበር። ዩኒሴፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአምስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሉ የዓለም ልጆች ዘንድ ከልክ በላይ ውፍረት ክብደት ከማነስ በለጠ ብሏል፤ 9.4 በመቶ ለ9.2። ያልበለጠበት የእኛ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ብቻ ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ሁለቱ ልጆች ሁለት አገር የሚኖሩ ነበር የመሰለኝ። መገናኛ ላይ ግን በመካከላቸው ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ካርቶን ነው፤ አንዱ ሚዛኑ ላይ፣ አንዱ ከሚዛኑ ኋላ።

የሚዛኑን ከፍዬ ልንሄድ ስንል «ጋሼ፣ ሃይላንዱን ልውሰደው?» አለኝ። የእህቴ ልጅ የያዘውን የላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ሰብስቦ ይሸጠዋል።

«ትንሽ ቀርቷል» አለ የእህቴ ልጅ።

«ችግር የለውም።»

ተቀበለውና ቀና ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ጠርሙሱን ረግጦ ጨመቀና ከኋላው ያለ ማዳበሪያ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ በእጅጌው አፉን ጠርጎ «ቀጣይ!» አለ።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ለእኔ አስያዘችኝ። ጫማዋን አወለቀች። ሻርፕዋን አወለቀች፣ ሰዓቷን ፈታች፣ ስልኳንም ቦርሳው ላይ ደረበችብኝ። ትንፋሿን ውጣ ወጣችና፣ መርፌዋ ገና ሳትቆም ጎንበስ ብላ ባለሚዛኑን እንዲህ አለችው፦

«የኔ ጌታ፣ ለልብሱ ሁለት ኪሎ ቀንስልኝ።»