ዝንብ ታንሸራትት እንጂ!

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችንን የሚቀሰቅሱት ሁለት ድምፆች ናቸው። አንዱ ከገብርኤል በድምፅ ማጉያ የሚመጣው ቅዳሴ ነው። ሌላው የጎረቤቴ የጋሼ ግራይንደር ነው። ቅዳሴው ያልቃል። ግራይንደሩ አያልቅም።

ጋሼ ቪትዝ አለቻቸው። ሰማያዊ ናት። ሰማያዊ ነበረች ማለት ይሻላል፤ እሱ ላይ በኋላ እደርሳለሁ። በየሳምንቱ በር ላይ ያቆሟታል፣ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ ፖሊሽ ያደርጓታል። ጎረቤት ቡናውን ይዞ ወጥቶ ያያል። እኔም አያለሁ። እንዲህ ያለ ትጋት በዝምታ አይታለፍም። ስለዚህ ዛሬ የተነሳሁት ላመሰግን ነው። ጋሼን ብቻ አይደለም፤ መኪናው ዝንብ እስክታንሸራትት የሚፈትገውን የሐዋሳ ሰው ሁሉ።

በመጀመሪያ የአመራረጥ ጥበባችን ይደነቅ። ፖሊሽ ሲገዛ የሚጨነቅ ሰው አለ አሉ። ሻካራው ይሁን ልስልሱ? በእጅ ነው በማሽን? ቀለሙ አዲስ ነው ወይስ የሰነበተ? እያለ ራሱን ያደክማል። የእኛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል። ማንጎ ማንጎ ካለ ይገዛል። እንጆሪ ካለ ሁለት ይገዛል። ጠርሙሱ ላይ ቀይ የእሽቅድድም መኪና ከተሳለማ ነገሩ አለቀ። ባለሱቁም የዋዛ አይደለም። «ለምን ዓይነት መኪና ነው?» ብሎ ኮስተር ይላል። ቪትዝ ስትለው አንድ ጠርሙስ ያወርዳል። አይሱዙ ብትለውም ያንኑ ነው የሚያወርደው።

ፖሊሽ ይሁን ዋክስ አይጠየቅም። እኛ ዘንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ፖሊሽ ነው። ሁለቱ ግን ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ፖሊሽ ይፍቃል። ውስጡ እንደ ዱቄት የላመ መፋቂያ አለ፤ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ከሚለጠፈው ዘመድ። ጭረትን የሚያጠፋው ሞልቶ አይደለም። በዙሪያው ያለውን ቀለም ፍቆ ወደ ጭረቱ ወለል ዝቅ በማድረግ ነው። ዋክስ ደግሞ ሰም ነው። አይፍቅም፣ ይሸፍናል። አንዱ ይወስዳል፣ አንዱ ያለብሳል። ጋሼ ሁለቱንም አያስቀይሙም። ጠዋት ሰሙን ይቀባሉ፣ ሲደርቅ በፖሊሽ ፍቀው ያነሱታል። ሒሳቡ ዜሮ ነው። ግን እንዴት ያለ ዜሮ! ያንጸባርቃል።

አንድ ቀን ደፈርኩ።

«ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ አይመስልዎትም? መጀመሪያ ፖሊሹ፣ ከዚያ ሰሙ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«የሚያውቁ ሰዎች።»

«መኪና አላቸው?»

ዝም አልኩ። ከሊስትሮ ነው የተማርኩት ማለት ከበደኝ። እውነቴን ነው፣ ፒያሳ ጫማዬን የሚጠርገው ልጅ አቧራውን ሳያራግፍ ቀለም አይከፍትም። ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይቀባል፣ ትንሽ ይታገሳል፤ ጨርቁን የሚያፏጨው ከዚያ በኋላ ነው። ሸራ ጫማ አድርገህ ብትሄድ «ይሄ ሳሙና እንጂ ቀለም አይወድም» ይልሃል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው አንዲት የእንጨት ሳጥን ይዞ ነው። መኪና ስለሌለው ግን ምስክርነቱ አይቆጠርም።

እጥበታችንም የራሱ ውዳሴ ይገባዋል። ላቫጆ ስትገባ ባልዲው በኦሞ አረፋ ተሞልቶ ይጠብቅሃል። ቅባት የሚፈታ ሳሙና ሰምንም ይፈታል፤ ባለፈው ሳምንት የከፈልክበት ሰም በዚህ ሳምንት አረፋ ታጅቦ ወደ ቦይ ይሄዳል። ጨርቁ መሬት ይወድቃል። ይነሳል፣ ጭን ላይ ሁለት ጊዜ ይራገፋል፣ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ። ከመሬት የተነሳችው አሸዋ እየዞረች የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ትሥላለች። ፀሐይ ሲያርፍበት ወለል ብሎ ይታያል። ያንን ለማጥፋት ፖሊሽ ያስፈልጋል። ለፖሊሹ መታጠብ፣ ለመታጠቡ ያው ጨርቅ። ሥራ አጥነትን እንዲህ የሚዋጋ ሌላ ዘርፍ ካለ ንገሩኝ።

ሐይቁ ዳር የሚያጥቡትማ ሊቆች ናቸው። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ ያስቀራል፤ ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። በዚያ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ነጭ ነጠብጣቡ ተዘርቶበት ይመለሳል። ጋሼ «የሐይቁ ማኅተም ነው» ይላሉ። አንድም ቀን አፍረውበት አያውቁም።

ከዚያ ደግሞ አባ ኮዳ አለ። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ጉርሻ የሚለምነው ያ ራሰ በራ ወፍ። ሲሞቀው ኩሱን የገዛ እግሩ ላይ ይለቃል፤ ሲደርቅ እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ነጭ ካልሲ ያደረገ የሚመስለው ለዚህ ነው። ራሱን ያልማረ ፍጡር የሰው ቪትዝ ይምራል? ኩሱ አሲድነት አለው። ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ቀለሙ ውስጥ ጠባሳ ይቀርጻል። የሰም ጥቅም እዚህ ላይ ነበር፤ ኩሱ መጀመሪያ ከሰሙ ጋር እየታገለ ባለቤቱ ውሃ እስኪያመጣ ፋታ ይሰጣል። አርሶ፣ አለስልሶ፣ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ጋሼ ግን ውሃ አያባክኑም። በደረቁ በጥፍራቸው ይፍቁታል። ከዚያ የጥፍሩን ጭረት በፖሊሽ።

ባለፈው ዘመድ ካርናውባ የሚባል ሰም ከውጭ አመጣላቸው። ሰሙ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ነው። እዚያ የሚበቅል ዘንባባ በድርቁ ወራት እርጥበቱ እንዳይተንበት ቅጠሉን የሚሸፍንበት ነው፤ ሰዎች ቅጠሉን አድርቀው እያራገፉ ይሰበስቡታል። ከረሜላ የሚያብለጨልጨውም ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ብቻውን እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው፤ እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያሞቁት እንኳ አይቀልጥም። ስለዚህ ቆርቆሮው ውስጥ የሚገባው በዘይትና በማሟሟያ ተለስልሶ ነው። ጋሼ «100 ፐርሰንት» የሚለውን አንብበው ቆርቆሮው በሙሉ ሰም ነው ብለው ተሳለሙት። ከዚያ ቀጥታ ፀሐይ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ እንጀራ በሚያበስል ኮፈን ላይ በጣት ውፍረት ለጠፉት። እንደ ስስ ፊልም ከተቀባ ለጥቂት ሳምንታት ያገለግል ነበር። ለማንሳት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። የጎረቤት ልጆችም አገዙ።

ማሽኑ ጋ ስንደርስ ግን ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ግራይንደሩ በርና መስኮት ከሚበይድ ዘመድ የተዋሱት ነው። ብረት መቁረጫውን አውልቀው የበግ ፀጉር አስረውበታል። ለፖሊሽ ተብሎ የተሠራው ማሽን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው። ትንሹ ግራይንደር 11,000 ይዞራል። ጋሼ ለምን በ3,000 ይረኩ? ፍጥነቱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ቀለሙን ያቃጥላል፤ በተለይ የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ በሚሳሳበት። እየዞረ ወዲያ ወዲህም የሚወዛወዝ ሌላ ዓይነት ማሽን አለ። አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ስለማያከማች ለጀማሪ የሚመከረው እሱ ነው። አንድ ወጣት አምጥቶ ቢያሳያቸው በሐዘኔታ አዩት። «ይሄ እኮ ይንቀጠቀጣል። ወባ አለበት እንዴ?»

በእጅ የሚሠራውንም አልናቁም። ሰም በእጅ ቢቀባ ይበቃው ነበር፤ እሳቸው ለሰሙ ግራይንደር ያነሳሉ። በጣት ታሽቶ የማይጠፋውን ጥልቅ ጭረት ደግሞ በጣታቸው ያሻሉ። ወዝ ይፈሳል፤ ጭረቱ እዚያው አለ።

እኔም ከዚህ በረከት ተቋድሻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት መኪናዬን አንድ ላቫጆ ሰጥቼ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ በሩ ጠርዝ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ጥቁር ቃጠሎ ጠበቀኝ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ። «ከድሮም ነበረ፣ አሁን ስለጠራ ታየህ» አለኝ። ከፈልኩ። ጉርሻም ጨመርኩ፤ እንዲህ ያለ መልስ በነፃ አይገኝም።

እንደምትገምቱት ጋሼ እንዲህ የሚንገበገቡት አለምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችው ቪትዝ ውድ ዕቃ ናት። ሳሎን ቢገባላት ሳሎን ባሳደሯት። ግን ፍቅራቸው የሚታየውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ፍሬን ሲይዙ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሩቅ ይሰማል። ሸራውን ይቀይሩ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር።

«ልጄ፣ ፍሬን ማን ያየዋል?»

ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው ልመለስ። ዘመናዊ መኪና ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን አለው። ውፍረቱ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ከፀሐይ የሚከላከለው እሱ ነው፣ የሚያብረቀርቀውም እሱ ነው። ፖሊሽ በነካው ቁጥር ትንሽ ይቀነስለታል። በዓመት አንዴ ቢነካ ዕድሜ አለው። በዓመት ውስጥ ግን 52 ቅዳሜ አለ፣ ጋሼም ቅዳሜ አያሳልፉም።

ባለፈው የክረምት መውጫ ላይ ነው። ጋሼ ጨርቁን ከፍ አድርገው ጠሩኝ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኗል።

«አየኸው ቆሻሻውን? ይሄ ሁሉ ተቀምጦባት ነበር እኮ!»

ሰማያዊ ቆሻሻ አይቼ አላውቅም። ክሊሩ አልቆ የመኪናዋ ቀለም ራሱ ጨርቁ ላይ እየመጣ መሆኑን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ አየሁ። «እጅዎ ይባረክ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቅዳሜዎች ቆሻሻው አላቆመም። በአራተኛው ኮፈኑ መሐል ላይ ግራጫው የውስጥ ቀለም ብቅ አለ፤ ልክ እንደ ጋሼ መላጣ፣ ክብ ሆኖ። አልደነገጡም። ሁለት ቀለም የአሁን ፋሽን ነው አሉ። ዳር ዳሩን ይበልጥ አፏጩት። ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ጨርሰን ቡና ቀረበ። አንዲት ዝንብ መጥታ ኮፈኑ ላይ አረፈች። ሁለታችንም ጠበቅን። ግራጫው ላይ ቆማ እጇን አሻሸች፣ ክንፏን አስተካከለች። አልተንሸራተተችም።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው ክዳኑን ከፈቱና አሸተቱት።

«ማንጎውን በርዘውታል» አሉ።