ሳይሞት አንቅበረው

እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ለእኔ የታወቀች ሰዓት ናት። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶኪዮ ላይ እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ ሰኞ ይገባል። ሰኞ ደግሞ ሾነን ጃምፕ የሚባለው ሳምንታዊ የማንጋ (የጃፓን የስዕል ታሪክ) መጽሔት የሚወጣበት ቀን ነው። ማንጋ ፕላስ የሚባለው መተግበሪያ በዚያችው ሰዓት የሳምንቱን አዳዲስ ምዕራፎች በእንግሊዝኛ ይለቃቸዋል። ብር አይጠይቅም። መተግበሪያው በ2019 ከመጣ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጎንደር ያለ ልጅም ኦሳካ ያለ ልጅም ታሪኩን የሚያገኙት በአንድ ቀን ሆኗል።

በቅርቡ አንድ እሁድ ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። አንድ አዲስ ማንጋ ከምዕራፍ 1 ጀምረን አብረን ስንከታተል ነበር።

«የዛሬውን አየኸው?» አልኩት።

«ተውኩት እኮ።»

«ምነው? ወደኸው አልነበር እንዴ?»

«አሁንም ወድጄዋለሁ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ የመጽሔቱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ሊቆረጥ ነው። ታዲያ ምን አለፋኝ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም መልሱ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልጁ ታሪኩ አልሰለቸውም። ስዕሉ አላስጠላውም። የተወው «ይሞታል» ስለተባለ ብቻ ነው። ይሄ ነገር በእሱ ብቻ የቆመ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ። አብረውን የሚያነቡ ብዙ ልጆችም እያደረጉት ነው። ስህተት ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ጃምፕ ሹዌሻ የሚባለው ማተሚያ ቤት ከ1968 ጀምሮ የሚያወጣው መጽሔት ነው። በአንድ እትም ውስጥ 20 ገደማ ተከታታይ ታሪኮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ አብዛኛውን ጊዜ 19 ገጽ ነው። መጽሔቱ ውስጥ የመጠይቅ ፖስት ካርድ አለ። አንባቢው በጣም የወደዳቸውን 3 ታሪኮች መርጦ ይልካል። ቢሮው ይቆጥራል። ዝቅተኛ ድምፅ የሚያገኙት ይሰናበታሉ፤ በቦታቸው አዲስ ይገባል። ጃፓኖቹ መቆረጡን «ኡቺኪሪ» ይሉታል።

የድምፅ ቆጠራው ለሕዝብ አይወጣም። አድናቂዎች ግን ማውጫውን ያነባሉ። የትኛው ታሪክ ከፊት መጣ? የትኛው ከኋላ? ገና የጀመሩትና የቀለም ገጽ የተሰጣቸው ከስሌቱ ይወጣሉ። ከዚያ ውጭ ለሳምንታት ከኋላ የተቀመጠ ታሪክ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ይታመናል። ፖስታ ተልኮ እስኪቆጠር ጊዜ ስለሚወስድ ደግሞ የዛሬው ተራ የዛሬውን ምዕራፍ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት የወጣውን ነው የሚናገረው ይባላል። ይህን ልብ በሉልኝ። የአክስቴ ልጅ የዛሬውን ምዕራፍ ሳያይ የተወው፣ ድሮ በተነበበ ምዕራፍ ውጤት ነው። ያውም በግምት።

የፖስት ካርዱ ጠላት ግን አይደለሁም። ይልቅ አከብረዋለሁ። ጃምፕ ገበያው ላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ተፎካካሪዎቹ ሾነን ማጋዚንና ሾነን ሰንደይ ሁለቱም በ1959 ጀምረዋል። ስም ያላቸው ደራሲዎች በእነሱ ተይዘዋል። ስለዚህ ጃምፕ ማንም የማያውቃቸውን ወጣቶች ሰበሰበ። ከማይታወቁት መሃል ጎበዙን እንዴት ትለያለህ? ልጆቹን ጠይቃ! ካርዱ ስም ለሌለው ሰው በር ከፍቷል።

ትልቅ ስምንም አይፈራም። ማሳሺ ኪሺሞቶ «ናሩቶ»ን ከ1999 እስከ 2014 በጃምፕ ሠርቷል። በ2019 «ሳሙራይ 8»ን ይዞ ተመለሰ። እሱ ጽፎ ሌላ ሰው ነበር የሚስለው። ማስታወቂያው ብዙ ነበር፤ የናሩቶ አባት ነው፤ ማን ይነካዋል? በ2020 መጋቢት ላይ በ43 ምዕራፍ ተቋጨ። ልጆቹ አልወደዱትም፤ አለቀ። ከታዋቂ ሰው ስም ይልቅ የአንድ ተማሪ ካርድ የሚደመጥበት ቦታ ዓለም ላይ ብዙ የለም።

ውጤቱም ታይቷል። በ1994 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው አንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ታትሟል። ከዚያ «ድራጎን ቦል» በ1995፣ «ስላም ደንክ» በ1996 አለቁ፤ ቁጥሩም ወረደ። ዛሬ የሚታተመው የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም።

ቅሬታዬ ከጊዜው ጋር ነው። ብዙ አዲስ ታሪክ ከ10 እስከ 20 ባለው ምዕራፍ ውስጥ ይቆረጣል። አሥር ምዕራፍ ማለት 190 ገጽ ገደማ ነው፤ አንድ ጥራዝ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥራዝ መጻሕፍት መደብር ሳይደርስ ፍርዱ ተሰጥቷል። ደራሲው በሳምንት 19 ገጽ ለማድረስ ረዳት ሠዓሊዎችን ቀጥሮ ይሠራል። ሲቆረጥ የእነሱም እንጀራ ነው አብሮ የሚቆረጠው። ታሪክ ደግሞ እንደ ሰው ነው። አንዳንዱ ገና በር ላይ ይስቅልሃል። አንዳንዱ ሦስተኛ ቡና ላይ ነው ልቡን የሚከፍተው።

ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል ያነበበ ያውቀዋል። ሦስት ዓመት የሚፈጅ ጦርነት በሁለት ምዕራፍ ያልቃል። ያልተዋወቅናቸው ጠላቶች በአንድ ገጽ ተደርድረው ይወድቃሉ። የማሳሚ ኩሩማዳ «ኦቶኮዛካ» በ1985 ሲቆም የመጨረሻው ገጽ ላይ በትልቁ «ያላለቀ» ተብሎ ተጻፈ። ኩሩማዳ ታሪኩን መልሶ የቀጠለው በ2014 ነው።

ከሁሉም የማይረሳኝ የሂሮዩኪ ታኬይ «ሻማን ኪንግ» ነው። በ2004 መቋጫውን ሳያገኝ ቆመ። መጨረሻው ላይ ታኬይ መንደሪን አስቀመጠ። ለምን መንደሪን? በጃፓንኛ መንደሪን «ሚካን» ነው። «ያላለቀ» የሚለውም ቃል «ሚካን» ነው። ሰምና ወርቅ ነው እንግዲህ። ሰሙ ፍሬ፣ ወርቁ «አልጨረስኩም፤ አስቆሙኝ» ነው። ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ይሄ ማስረዳት አያስፈልገውም። ታኬይ በ2009 እውነተኛውን መጨረሻ አውጥቶ ታሪኩን ዘጋው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮሄይ ሆሪኮሺ የመጀመሪያ ሳምንታዊ ሥራውን «ኦማጋዶኪ ዙ»ን በ2010 ጀመረ። በእርግማን ጥንቸል የሆነ ሰው በሚያስተዳድረው የአራዊት ማቆያ ተቀጥራ ስለምትሠራ አንዲት ተማሪ ነው። የያዘችው ሁሉ ከእጇ የሚወድቅ ልጅ ናት፤ ራሷን መቀየር ትፈልጋለች። በ2011 ቆመ፤ 5 ጥራዝ ሆነ። በ2012 «ባራጅ»ን ይዞ ተመለሰ። መልኩ ከልዑሉ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ የድሃ ሰፈር ልጅ በልዑሉ ቦታ ይተካል። ልጁ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ሰብስቦ እንደ ቤተሰብ የሚያሳድግ ነው። ይሄኛውማ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው የቆየው።

ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። እንደ ብዙ ሰው ቢሆን «በቃ፣ ይሄ ሥራ የእኔ አይደለም» ማለቱ ነበር። በ2014 ሦስተኛውን ጀመረ። «ማይ ሂሮ አካዴሚያ» ነው። 10 ዓመት ሄዶ በ2024 ነሐሴ ላይ በ430 ምዕራፍ ተጠናቀቀ። ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ወጥቷል።

እኔ ሦስቱንም ወደ ኋላ ተመልሼ አንብቤያቸዋለሁ። የ«ማይ ሂሮ አካዴሚያ»ን ዋና ገጸ ባሕርይ ደኩን የምትወዱ ሰዎች «ኦማጋዶኪ ዙ» ላይ ያችን ልጅ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ያው ፍርሃት ነው። ያው «እኔም ለሆነ ነገር እሆናለሁ» የሚል ግትርነት ነው። «ባራጅ» ላይ ያለው ልጅ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ለማዳን ሳያስብ ይሮጣል። ደኩ በ2014 አልተወለደም። ተቆረጡ ባልናቸው ገጾች ውስጥ ሲያድግ ነበር። «ባራጅ»ን ምዕራፍ 6 ላይ ተራውን አይቶ የተወው አንባቢ ይህን አላየም።

ሆሪኮሺ ብቻውንም አይደለም። ቲቴ ኩቦ ከ«ብሊች» በፊት «ዞምቢ ፓውደር» ተቆርጦበታል። ዩኪ ታባታም ከ«ብላክ ክሎቨር» በፊት «ሀንግሪ ጆከር» በ3 ጥራዝ ቆሞበታል።

ከዚህ በላይ የሚያንገበግበኝ የእኛ የውጭ አንባቢዎች ነገር ነው። በ2021 የዩኪ ካዋጉቺ «ሬድ ሁድ» ጀመረ። ተኩላ ሰዎችን የሚያሳድዱ አዳኞች ታሪክ ነው። ስዕሉ ያስደነግጣል፤ አዲስ ደራሲ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ከጃፓን ውጭ ብዙ ወዳጅ ነበረው። እኔም እሁድን የምጠብቀው ለእሱ ብዬ ነበር። በ18 ምዕራፍ ቆመ። በዚያን ሰሞን በጣም ተናድጄ ነበር። ድምፅ የሚሰጥበት ካርድ ያለው ጃፓንኛው መጽሔት ውስጥ ነው። እኔ ጋ ካርድ የለም። እኔ ጋ ያለው መክፈትና ማንበብ ብቻ ነው።

መክፈትና ማንበብ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ማንጋ ፕላስ ላይ የትኛው ታሪክ ብዙ እንደሚነበብ ይታያል። ጥራዝ በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሚገዛ ሰው መኖር አለመኖሩም ይታያል። በ2023 መስከረም ላይ የታኬሩ ሆካዞኖ «ካጉራባቺ» ሲጀምር ገና ምዕራፍ 1 ሳይወጣ የውጭ ልጆች በየገጹ ሲቀባበሉት ነበር። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ከዚያ አነበቡት፤ ወደውት ቀሩ። በ2024 ደግሞ ጃፓን ውስጥ በሕዝብ ድምፅ በሚሰጠው የቀጣዩ ማንጋ ሽልማት በኅትመት ዘርፍ 1ኛ ወጣ። የውጭ አንባቢ አዳነው እያልኩ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ ጎበዝ ነው። ግን ያን ጊዜ ጫጫታችን ለአንድ አዲስ ደራሲ ነበር። ብዙውን ጊዜ ጫጫታችን ማን እንደሚሞት ለመገመት ነው።

ያለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ እሁድ ማታ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። መጀመሪያ የሚመጣው የማውጫው ፎቶ ነው። ቀጥሎ «እገሌ 3ኛ ወጣ»፣ «እገሌ አለቀለት»፣ «ቀብሩ መቼ ነው»። ስለ ምዕራፉ የሚያወራ ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዴም አይመጣም። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የነበረውን ጊዜ ስታወራ ፊቷ ይበራል። ክፍል በክፍል እየጠበቁ ይሰሙ ነበር። እስከሚቀጥለው ክፍል የሚያወሩት ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ነበር። የሚጨነቁት ለሰዎቹ ነበር። እኛ የምንጨነቀው ለቁጥሩ ሆኗል።

«የሚቆረጥ ነገር ልቤን ሰጥቼ ለምን ልጎዳ?» የሚለኝ ሰው አለ። ይገባኛል። እኔም ተጎድቻለሁ። ግን «ሬድ ሁድ»ን ማንበቤን አልጸጸትበትም። እነዚያ 18 እሁዶች ደስ ብለውኛል። ሦስቱ ጥራዞች በእንግሊዝኛም ታትመዋል፤ ለሰው እየጠቆምኩ ነው። የሚጸጽተኝ ተራቸውን አይቼ ሳልከፍታቸው የተውኳቸው ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የወደፊቱ ሆሪኮሺ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ሹዌሻን አንድ ነገር ብጠይቅ ትንሽ ጊዜ ስጡ እላለሁ። «ሩሪ ድራጎን» ላይ መንገዱን አሳይተዋል። በ2022 ደራሲው በጤና ምክንያት 6 ምዕራፍ ላይ አረፈ። በ2024 ሲመለስ ወደ ዲጂታል አዛወሩት። ቀጠለ። የወረቀት ገጽ ውድ ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው። ዲጂታል ላይ ግን ቦታ አለ። አሥር ምዕራፍ ያልበቃው ታሪክ እዚያ ሌላ አሥር ቢሰጠው ማን ይጎዳል?

ለአክስቴ ልጅ የ«ባራጅ»ን ነገር ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «16 ምዕራፍ ብቻ? መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ። አንብበው አልኩት። አብረን የጀመርነው ማንጋ እስካሁን አልተቆረጠም። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ስንተኛ እንደሆነ ለማየት እንዳትሮጡ ብዬ ነው። አሁንም ከኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት የዋና ገጸ ባሕርይዋ አባት በሕይወት እንዳለ አወቅን። የሚቀጥለው ምዕራፍ እሁድ በ12 ሰዓት ይወጣል።